ጀርባዋን የሰጠችው ደሴት

ተረት መጣ! «ይግባ፣ ይቀመጥ» በሉት እንጂ በር ላይ አታቁሙት። የዛሬው ባወራሁት ቁጥር ደሜን የሚያፈላው ነው። በመሀል ድምፄ ከፍ ቢልባችሁ እንዳትቀየሙኝ። መቀየም ምን እንደሚያመጣ ተረቱ ራሱ ይነግራችኋል።

በዚያን ዘመን፣ ታንኳም ዓሣም ነፋስም እንደ ሰው ሲነጋገሩ፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ መሀል ሦስት ደሴቶች ነበሩ። አንዷ ትልቅ፣ አንዷ መካከለኛ፣ አንዷ ትንሽ። ትንሿማ አንድ ያረጀ ሾላ፣ ጥቂት ቁጥቋጦና አንድ ጥቁር ቋጥኝ ሲቀመጡባት ሞልታ ነበር።

በሦስቱም ደሴቶች ላይ ቅጠል ገላጭ የሚባሉ ወፎች ይኖሩ ነበር። መልካቸው ዓይን አይስብም፤ የደረቀ ቅጠል ይመስላሉ። ድምፃቸው ግን ሌላ ነው! እነሱ ሲዘፍኑ ትልቁ አምባዛ ዓሣ እንኳ ከሐይቁ ሥር ተነሥቶ፣ ጢሙን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያዳምጥ ነበር። ስማቸው የመጣው ከሥራቸው ነው። ቅጠሉን በምንቃራቸው ገልበጥ ያደርጉና ከሥሩ የተደበቀውን ትል ለቀም ያደርጋሉ። ገልበጥ፣ ለቀም። ገልበጥ፣ ለቀም። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ክንፋቸው አጭር ስለሆነ ከዛፍ ዛፍ ያደርሳል እንጂ ሐይቅ አያሻግርም። በዓመት የሚጥሉት አንዲት እንቁላል ብቻ ነው። ያቺን አንዲቷን ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ያቅፏታል።

የየብስ ወፎች ይህን ሲሰሙ ይሳለቁ ነበር። «አንዲት ብቻ? ምን ያለ ስስት ነው!» ይላሉ። «ጎጆውንስ አያችሁት? መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም!» ይላሉ። እስቲ አሁን ይህ ያስቃል? በዚያች ጠባብ ደሴት ስንት ትል አለና ነው ስንት ጫጩት የሚፈለፈለው? ጎጆውንስ ከማን ለመደበቅ ከፍ ያድርጉት? ነጣቂ የሚባል ፍጡር አይተው አያውቁም። ደግሞ በሌላ አገር አንድም ዘመድ የላቸውም። ከሦስቱ ደሴቶች ጠፉ ማለት ከዓለም ጠፉ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

እነዚህ ወፎች አንድ ወግ ነበራቸው። ጎህ ሲቀድ ትልቋ ደሴት ትጀምራለች። «እንዴት አደራችሁ?» ትላለች። መካከለኛዋ ትቀበልና «ደህና አድረናል» ብላ፣ ወደ ትንሿ ዞራ ደግሞ «እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» ትላለች። ትንሿ «እኛም ደህና» ብላ ትዘጋለች። ታላቅ ይጀምራል፣ ታናሽ ይመልሳል። ታናሽ ከጀመረ ነውር ነው። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ይጠብቀው ነበር።

በትንሿ ደሴት ላይ ትርንጎ የምትባል ቅጠል ገላጭ ነበረች። ባሏ ጎበዜ ይባላል፤ ደግ ነው፣ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። እህቷ ሽቱ ደግሞ በታንኳ ተሳፍራ፣ እልል ተብሎላት፣ መካከለኛዋ ደሴት ተድራ ነበር። ትርንጎ በየማለዳው ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል የእህቷን ለይታ ትሰማ ነበር። የሽቱ ድምፅ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሰበር ይላል። ትርንጎ ያንን ስትሰማ ልቧ ይረጋል፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

አንድ ማለዳ ትልቋ ደሴት ዝም አለች።

«እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል» ተባለ። በማግስቱም ዝም አለች። በሦስተኛውም ቀን ዝም አለች።

«ንቀት ነው!» አሉ አባ ቦጋለ። አባ ቦጋለ የትንሿ ደሴት ሽማግሌ ናቸው። ማን ማንን እንዳላከበረ ሲከታተሉ ነው የሚውሉት። «ትልቅ ነን ብለው ነው። ለእግዜር ሰላምታ እንኳ አንበቃም ማለት ነው? እንግዲያው እኛም አንፈልጋቸውም!»

መካከለኛዋ ደሴትም በበኩሏ ተቀየመች። ታናሽ አይጀምርምና ዝም አለች። ትንሿም ዝም አለች። በሐይቁ ላይ ጎህ በዝምታ ይቀድ ጀመር። አምባዛው ጢሙን አውጥቶ ይጠብቅና፣ የሚሰማው ሲያጣ አጉረምርሞ ይመለስ ነበር።

ጥቂት ሰነበተና ከመካከለኛዋ ደሴት ድምፅ መጣ። ሰላምታ ግን አልነበረም። በቀትር ነው የመጣው፤ የተዘበራረቀ ጩኸት ነው። ትርንጎ ሥራዋን ትታ አዳመጠች።

«ይሄ የሽቱ ድምፅ አይደለም እንዴ?» አለች።

«ነው እንጂ!» አሉ አባ ቦጋለ። «ሰላምታ የነፈጉን አንሶ ስድብ ጨመሩልን። የጨዋ ልጅ በቀትር ይጮሃል? ጀርባችሁን ስጧቸው! ጀርባችሁን!»

ወፎቹ ሁሉ በጥቁሩ ቋጥኝ ፊት ተሰለፉ። ጭራቸውን ወደ ውሃው፣ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩ። እንዳይሰሙም ጮክ ብለው ይዘፍኑ ጀመር። ትርንጎም ከመሀላቸው ቆመች። ዘወር ብላ ልታዳምጥ ቃጣት፤ ግን ኩሩ ነበረች። «ስትዳር ውሃው ዳር ቆሜ ያለቀስኩላት እኔ፣ ዛሬ በአደባባይ ልትሰድበኝ?» እያለች በልቧ፣ ከሁሉም አብልጣ ጮኸች።

ጩኸቱ ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያ ቆመ።

«አያችሁ፣ አፈሩ!» አሉ አባ ቦጋለ።

አፈሩ! እዚህ ላይ ስደርስ ነው እኔ ቁጭ ማለት የሚያቅተኝ። አንድ ወፍ፣ አንድ እንኳ፣ አንገቱን ዘወር አድርጎ «ምን ሆናችሁ?» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ግን የለም። ሁሉም ክብሩን ታቅፎ ድንጋይ ያያል።

በሳምንቱ ታንኳ መጣች። ከደንገል የተሠራች ስለሆነች ውሃ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ስለዚህ በየደረሰችበት ዳር ወጥታ በፀሐይ ትደርቃለች። የዚያን ዕለት ግን ብቻዋን አልነበረችም። ከላይዋ ላይ አንድ እንግዳ ዱብ አለ። ጭራው ረጅም ነው፣ ጢሙ የተበጠረ ነው፣ ሆዱ ሞላ ብሏል። ወፎቹ አይጥ አይተው አያውቁም። አይጥ የሚባል ነገር በእነዚያ ደሴቶች አልነበረማ!

«እንደምን ዋላችሁ፣ ጌቶቼ» አለ አይጥ፣ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሣ። «ከዘመዶቻችሁ አገር ነው የመጣሁት።»

ወፎቹ ከበቡት። የታዘሉ አሮጌ ቂሞች ሁሉ ጆሮ አወጡ። አይጥ ዙሪያውን አየና፦

«ትርንጎ የምትባለው ማናት?» አለ።

ትርንጎ ደነገጠች። «እኔ ነኝ። ስሜን ከየት አወቁት?»

«እህትሽ አንስታሽ አትጠግብም። አንስታሽ ስልሽ ግን ለመልካም እንዳይመስልሽ…» ብሎ አይጥ ተከዘ። «ይቅር፣ አልናገረውም።»

«ይናገሩ!»

«እሺ፣ ካልሽማ። ‹እህቴ ጉሮሮዋ የእንቁራሪት ነው፤ የእነዚያ የአንድ ዛፍ ሰዎች ሰላምታ ቢቀር ምን ይቀርብናል› አለች። እኔ እንኳ አፈርኩ።»

ትርንጎ ላባዋ ቆመ። ስሟን ማወቁ ደግሞ ነገሩን ሁሉ እውነት አደረገው። አባ ቦጋለ «አላልኩም? አላልኩም?» እያሉ በደስታ ሊሞቱ ሆነ። ለእንግዳው ከሾላው ሥር ጥሩ ጉድጓድ ሰጡት፤ «አያ አይጦ» ብለውም አከበሩት። ታንኳዋ ግን ዳር ላይ ሆና ስትደርቅ ሰነበተች። አንድም ወፍ ሄዶ «እትዬ ታንኳ፣ ምን አዩ?» አላላትም።

ብዙም አልቆየ፤ የጎረቤት እንቁላል ጠፋ። ለለቅሶ መጀመሪያ የደረሰው አይጥ ነበር። ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ ከወፎቹ ሁሉ ይልቅ አለቀሰ።

«ነፋስ ነው» አለ። «ይሄ ዱርዬ ነፋስ!»

«እኔ?» አለ ነፋስ ከሐይቁ ላይ። «አንድ ቅጠል ሳላረግፍ ያደርኩ? ኧረ ስሙኝ እንጂ!» ማን ይስማው። ሁሉም ሰድበው አባረሩት።

ቀጥሎ የአባ ቦጋለ ልጅ እንቁላል ጠፋ። አይጥ እንደገና ቀድሞ ደረሰ፤ እንደገና አለቀሰ።

«ነፋስ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለካ እርግማን ነው። ሽቱ ወደዚህ ዞራ ‹ዘር አይውጣላችሁ› ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ። የደበቅኩት እናንተ እንዳታዝኑ ብዬ ነው።»

በዚያ ዓመት በደሴቲቱ ላይ የቀረችው እንቁላል የትርንጎ ብቻ ሆነች። ነጣ ያለች፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባት፣ ትንሽ እንቁላል። ትርንጎ ታቅፋት ስትቀመጥ አይጥ ከሥር ይመጣል።

«እህትሽ ትናንትም ሳትራገም አልቀረችም» ይላል። ይሄዳል።

«እንዲህ ያለ ጨካኝ እህት!» ይላል። ይሄዳል።

«እኔ ብሆን በሕይወቴ ይቅር አልላትም» ይላል።

አይጥ ቁጣዋን የሚያነደው እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሊሞቀው ነበር። ያላሰበው ነገር፣ ቁጣ እሳት ብቻ ሳይሆን እግርም እንዳለው ነው። አንድ ቀን ትርንጎ ብድግ አለች።

«እሄዳለሁ» አለች። «ፊት ለፊቷ ቆሜ ‹እርግማንሽን አንሺ› እላታለሁ!»

አይጥ ጢሙ ተንቀጠቀጠ። «አንቺ? በእግርሽ? ደጃፏ ድረስ? ክብርሽስ?»

«ስለ ክብሬ አይጨነቁልኝ» አለች ትርንጎ። ወደ ባሏ ዞረች። «ጎበዜ፣ ከእንቁላሏ ላይ እንዳትነሣ። ሰማይ ቢወርድ እንዳትነሣ። እኔ እስክመለስ ረሃብህን ቻለው።»

«እሺ» አለ ጎበዜ።

ትርንጎ ወደ ታንኳዋ ወረደች። «እትዬ ታንኳ፣ ያሻግሩኝ።»

«ውጪ» አለች ታንኳ። «የወጣብኝን ሁሉ እሸከማለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

ነፋስም ተቀይሞ ስለነበር ሳያናግራት ገፋቸው። ትርንጎ መንገዱን ሙሉ ንግግሯን ታሰናዳለች። በመጀመሪያ «የእናታችንን ልጅነት የካድሽ» እላታለሁ፤ ቀጥሎ «አፈር ብዪ» እላታለሁ፤ በመጨረሻ ምራቄን ትፍ ብዬ እሄዳለሁ። ሦስቱንም በቃሏ ያዘቻቸው።

ዳር ሲደርሱ ታንኳዋ ገና ሳትቆም ትርንጎ ዘላ ወረደች።

«ሽቱ! ውጪ! ውጪና ፊቴን እዪ!»

መልስ የለም። ወደ አንደኛው ጎጆ ሄደች፤ ውስጡ የተሰበረ ቅርፊት ብቻ ነው። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ ላባ ብቻ ነው። ወደ ሦስተኛው ሄደች፤ ምንም የለም። ቀና ብላ ዛፎቹን አየች። ቅጠሉ ሁሉ በትል ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። ገልብጦ የሚለቅም ወፍ በዚያ ደሴት ላይ ከጠፋ ሰንብቷል። ትርንጎ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

ያኔ አንድ ድምፅ ሰማች። ደካማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሰበር አለ።

ሽቱ ውሃው ላይ በተንጠለጠለች ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ጭራ የላትም።

«መጣሽ?» አለች ሽቱ። «አሁን?»

«ሽቱዬ…»

«ሽቱዬ አትበይኝ! ጠርቼሽ ነበር። ወጉን ጥሼ፣ ነውሩን ተሸክሜ፣ ታናሽ ሆኜ ጀመርኩ። ‹ትርንጎ! እህቴ፣ ድረሺልኝ!› አልኩ። ባሌን ሲበላብኝ ጠራሁሽ። የጎረቤቶቼ እንቁላል ሲበላ ጠራሁሽ። እኔን ሊበላኝ ሲመጣ ጠራሁሽ። ከዚህች ጫፍ ላይ ሆኜ ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? ጀርባሽን! ተሰልፋችሁ ጀርባችሁን!»

ትርንጎ ወደ ቅርንጫፉ ጠጋ አለች። «ማነው የበላችሁ?» አለች።

«ጭራው ረጅም፣ ጢሙ የተበጠረ። መጀመሪያ ትልቋን ደሴት ጨረሰ። እኛ እነሱ ዝም ሲሉ ‹ናቁን› ብለን ተቀየምን፤ እነሱ ለካ አልቀዋል። ከዚያ በታንኳ ወደኛ መጣ።»

«አንቺስ እንዴት ተረፍሽ?»

«በዚህ አገር መጨረሻ የመጣች ሙሽራ መጥፎውን ቦታ ነው የሚሰጧት። እነሱ ዝቅ ብለው በግንዱ መንታ ላይ ሲሠሩ፣ እኔን እዚህ የሚወዛወዝ ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሳቁብኝም። እሱ ሊይዘኝ ሲመጣ ቅርንጫፉ ጎነበሰበት። ፈርቶ ተመለሰ። የያዘው ጭራዬን ብቻ ነው።»

«ስሜን ግን… ስሜን ከየት አወቀ?»

ሽቱ እህቷን ትኩር ብላ አየቻት። «እኔ ስጠራሽ እሱ ከሥሬ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር።»

ትርንጎን ብርድ ብርድ አላት። ቀጥሎ ነደደች። እስከዛሬ የተቆጣችው ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ቁጣ ማለት ይሄ ነው። በአይጥ ነደደች፣ በአባ ቦጋለ ነደደች፣ ከሁሉም ይልቅ በገዛ ራሷ ነደደች። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እንቁላሌ!» ብላ ጮኸች። «ሽቱ፣ ነይ!»

ሁለቱም ታንኳዋ ላይ ዘለው ወጡ። ትርንጎ ታንኳዋን በምንቃሯ ቆነጠጠቻት።

«እትዬ ታንኳ! ይህን ሁሉ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ታንኳ። «እኔ ተሸካሚ ነኝ። አይጥ ቢወጣ አይጥ፣ ወፍ ቢወጣ ወፍ።»

«ያሳፍራል!» አለች ትርንጎ። «ሞትን ከደሴት ደሴት እያመላለሱ ‹ማን ጠየቀኝ›? እንግዲህ ይኸው እኔ እጠይቅዎታለሁ። ያንን አይጥ ዳግመኛ ይሸከሙታል ወይስ አይሸከሙትም?»

የታንኳዋ ደንገል ብቻ ሲንቋቋ ተሰማ። ነፋስ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ ነበር። በሐሰት ዱርዬ የተባለው ነፋስ ጉንጩን ነፍቶ ከኋላቸው ገፋ፤ ታንኳዋ ውሃውን እየሰነጠቀች በረረች።

በትንሿ ደሴት አይጥ ጎበዜን ያባብል ነበር።

«ጎበዜ፣ ፊትህ ገርጥቷል። ሂድና አንድ ሁለት ትል ለቀም አድርግ፤ እኔ ደግሞ እንቁላሏን አያለሁ።»

«አይ፣ እንዳትነሣ ብላኛለች።»

«እንዲያው በእንግዳ ላይ እምነት የለህም ማለት ነው?»

ጎበዜ አፈረ። እንግዳ ማስቀየም እንዴት ይቻላል? ብድግ ብሎ ሄደ። ይሄ ነው እንግዲህ ደግ ባል! አይጥ ወዲያው ግንዱን ወጣ፤ ፊተኛ እግሩን ጎጆው ውስጥ ከተተ።

በዚያችው ቅጽበት ከሾላው ረጅም ቅርንጫፍ ጫፍ፣ ከውሃው በላይ፣ ድምፅ ተሰማ።

«እንዴት ዋልክ፣ አያ አይጦ! ጭራዬ ጣፈጠህ?»

ሽቱ ነበረች፤ ታንኳዋ ዳር ደርሳለች። በቋጥኙ ፊት የነበሩት ወፎች ሁሉ ዘወር አሉ። ጭራ የሌላትን ወፍ አዩ። በእንቁላሏ ላይ የተዘረጋውንም እግር አዩ።

«እብድ ናት!» አለ አይጥ። «እርጉሟ ሽቱ እኮ ናት! ቆዩ፣ እኔ ዝም አሰኛታለሁ!» ብሎ በቅርንጫፉ ላይ ሮጠ። መታመን ለምዶበት፣ ጥርሱን መደበቅ እንኳ ረሳ።

«ወደ ቅርንጫፉ!» ብላ ትርንጎ ጮኸች። «ሁላችሁም፣ ወደ ቅርንጫፉ!»

«ቆይ እስቲ፣ ታናሽ ሆነሽ አንቺ ልትጀምሪ…» አሉ አባ ቦጋለ።

«አባ ቦጋለ!» አለች ትርንጎ። «ነውሩ በኔ ይሁን! ይውጡ!»

እሷ ቀድማ ጫፉ ላይ፣ ከእህቷ ጎን፣ ዱብ አለች። ጎረቤቷ ተከተለች። የአባ ቦጋለ ልጅ ተከተለች። አንድ ቅጠል ገላጭ ቀላል ናት፤ ቅርንጫፍ አታነቃንቅም። ሁሉም አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ቅርንጫፉ ጎነበሰ። አባ ቦጋለም በመጨረሻ እያጉረመረሙ መጥተው አረፉ፤ ያኔ ጭራሹን ዘመመ። አይጥ ደግሞ በደሴቲቱ እንቁላል ወፍሯል። ጥፍሩ አዳለጠው፤ ዘጭ አለና ውሃው ውስጥ ገባ።

እየዋኘ ወደ ታንኳዋ ሄደ። «እትዬ ታንኳ፣ ልውጣ! ያውቁኝ የለም እንዴ? ደንበኛዎ ነኝ!»

«ዛሬ ተጠይቄያለሁ» አለች ታንኳ። ፈቀቅ አለች።

ከሥር ጢም ብቅ አለ፤ ከአይጥ ጢም የረዘመ። «የማለዳ ዘፈኔን ያቋረጠብኝ አንተ ነህ?» አለ አምባዛው። መልሱን አልጠበቀም። ጉሮሮው ሰፊ ነበርና አንዴ ዋጥ አደረገው።

ትርንጎ በረረችና እንቁላሏ ላይ ተቀመጠች። ገና ትሞቃለች። ጎበዜ ትል በምንቃሩ ይዞ መጣና የሆነውን ሲሰማ ትሉን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ።

«ትሉን ዋጠው» አለችው ትርንጎ። «እኔና አንተ ኋላ እንነጋገራለን።»

ወፎቹ ይጨፍሩ ጀመር። አባ ቦጋለ ተጎማለሉና ወደ ሽቱ ሄዱ። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሏት።

ሽቱ ቀስ ብላ ዞረች። ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ጭራ የሌለው፣ ቁስሉ ያልደረቀ ጀርባ ነው። ጭፈራው በአንዴ ቆመ።

«እኛ እንግዲህ… ወጉ…» አሉ አባ ቦጋለ።

«ወጉን ተዉት!» አለች ትርንጎ ከጎጆዋ ላይ። «አይጥ የበላው ስለራበው ነው። እኛ ምን ርቦን ነው ጆሯችንን የደፈንነው? በትልቋ ደሴት ላይ ያለ ዘመዳችን አልቆ ‹ናቁን› አልን። እህቴ ‹ድረሱልኝ› ስትል ‹ሰደበችን› አልን። አይጥ ምን ሐሜት አመጣ? ሐሜቱን እኛው አሰናድተን ጠበቅነው፤ እሱ ስም ብቻ ጨመረበት። እኔም አለሁበት። ከሁላችሁም አብልጬ ወደ ድንጋይ የጮህኩት እኔ ነኝ!»



በማግስቱ ጎህ ቀደደ። ታላቅ ይጀምራል፤ ታላቅ ግን አልቋል። ወፎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትርንጎ እንቁላሏን ለጎበዜ ሰጠችና በጥቁሩ ቋጥኝ አናት ላይ ወጣች። ጭራዋን ወደ ድንጋዩ፣ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

«እንዴት አደራችሁ?» አለች።

ዝም አለችና ጠበቀች። ከባዶዎቹ ደሴቶች የመጣ ነገር የለም። እንደገና «እንዴት አደራችሁ?» አለች። ጠበቀች። በሦስተኛው ጊዜ ከጎኗ አንድ ወፍ መጥታ አረፈች። ሽቱ ናት። እህቷን አላየቻትም፤ ይቅርም አላለቻትም። ወደ ውሃው ብቻ እያየች «ደህና አድረናል» አለች። ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ሰበር አለ። የዚያን ጊዜ ትርንጎ አለቀሰች።

ከዚያች እንቁላል የወጣው ጫጩት የተማረው ይህንኑ ዜማ ነው፤ የእሱም ልጆች ይህንኑ ተማሩ። ለዚህ ነው ቅጠል ገላጭ ዛሬም ጎጆዋን ውሃው ላይ በተንጠለጠለ ቀጭን ጫፍ ላይ የምትሠራው። ለዚህም ነው ስትዘፍን አንድ ሐረግ ብላ የምታቆመው፤ ታዳምጣለች፣ ደግሞ ትደግመዋለች። የማያውቅ ሰው ዜማው የጠፋባት ይመስለዋል። አልጠፋባትም። መልስ እየጠበቀች ነው።

ተረቴ አለቀ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም፤ ዳቦውን ለራሳችሁ ብሉት። ይልቅ ስትወጡ፣ ሰላምታችሁን ያልመለሰላችሁ ጎረቤት ካለ በሩን አንኳኩልኝ። ዝም ያለህን ሰው ከመቀየምህ በፊት፣ በሕይወት መኖሩን ጠይቅ።